በሐዘን ቤት ስለ ጫካ አይወራም

የፓልማፓምባ መንደር ሰዎች ቢንጎ የተባለው የዕጣ ቁማር ሱስ የያዛቸው ጫካውን ለመግዛት ሲሉ ነው። ቁማር ሲባል ያማትቡ የነበሩ አሮጊቶች ሳይቀሩ፣ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በትምህርት ቤቱ ግቢ ተቀምጠው ካርዳቸው ላይ የበቆሎ ፍሬ ሲደረድሩ ከረሙ። ሽልማቱ አንዳንዴ የተጠበሰ አሳማ፣ አንዳንዴ ዶሮ ነበር። ችግር ሲጠና ደግሞ የወተት መኪና የሚነዳው የሮሙሎ ሚስት የሠራችው የአልጋ ልብስ ይወጣል። ያ የአልጋ ልብስ የደረሰው ሁሉ ለደኑ ይሁን እያለ ስለሚመልሰው ስንት ጊዜ ዕጣ እንደወጣበት እንጃ። በጎ አድራጎት ነው ይሉ ነበር፤ የአልጋ ልብሱን ያየ ግን ምክንያቱን ያውቀዋል።

ገንዘቡን የምትይዘው ኤርሜሊንዳ ነበረች። ከእሷ ሳንቲም ለመበደር የሞከረ ሁሉ አፍሮ ስለሚመለስ መንደሩ በአንድ ድምፅ መረጣት። ባሏን ከቀበረች ቆይታለች። ሁለት ወንዶች ልጆቿ ኪቶ ከተማ ገብተው እዚያው ቀርተዋል። አጠገቧ ያለችው ሴት ልጇ ናርሲሳ ብቻ ናት፣ ከነባሏና ከነልጆቿ። ከወንዙ ማዶ ያለው መንደር ጫካው ተመንጥሮ ምንጩ ሲደርቅ፣ ሰዉ በየተራ ዕቃውን ጭኖ ሲሄድ ሁሉም አይቷል። ናርሲሳም አንድ ቀን ልብስ እያጠበች፣ "እማዬ፣ ውኃው እስካለ አለሁ። ውኃው ከሄደ ግን እነዚህን ሕፃናት ይዤ እዚህ ምን እሠራለሁ?" አለቻት። ኤርሜሊንዳ ከዚያ ወዲህ ወደ ጫካው ቀና ባለች ቁጥር የሚታያት የልጅ ልጆቿ ፊት ነው።

የመንደሩ ምንጭ የሚፈልቅበት ጫካ የዶን ኤቫሪስቶ ነበር። ሽማግሌው ነጭናጫ ቢሆንም ቃሉን የማያጥፍ ሰው ነው። "እስከ ቅዱስ ጴጥሮስ በዓል ገንዘቡን አምጡ። ለሌላ አልሸጥም፤ የመንደሩ ጥብቅ ደን ይሁን" ብሎ የኤርሜሊንዳን እጅ ጨበጠ። እሱን ፈርምልን ማለት ፊቱ ላይ እንደ መትፋት ስለሚቆጠር ወረቀት ያነሳ ሰው አልነበረም። በዓሉ ሲቃረብ ገንዘቡ ሞላ። ኤርሜሊንዳ ሄዳ ልትነግረው ስትሰናዳ፣ ዶን ኤቫሪስቶ ጠዋት ላም እያለበ ባለበት ልቡ ቀጥ አለ።

አንድያ ልጁ ዊልማን ከጓያኪል ከተማ መጣ። ከልጅነቱ ጀምሮ ርቆ የኖረ፣ ዝምተኛና ፊቱ የጠቆረ ሰው ነው። መንደሩ ለሞተ ሰው የሚያደርገውን ሁሉ ለአባቱ አደረገ። ሳጥኑን ሠሩ፣ መቃብሩን ቆፈሩ። ከቀብር በኋላ ደግሞ ዘጠኝ ምሽት ሐዘንተኛው ቤት ተሰብስቦ መጸለይ ወግ ነው። ዘጠነኛው ምሽት አልፎ ለሐዘን የተሰቀለው ጥቁር ጨርቅ ከግድግዳው እስኪወርድ ድረስ ከሐዘንተኛ ጋር ስለ መሸጥ፣ ስለ መግዛት፣ ስለ ብድር ማንም አያነሳም። ላሙ የጠፋችበት ሰው እንኳ አይታችኋል ወይ ብሎ አይጠይቅም።

በሁለተኛው ቀን በሐዘን ቤቱ ጓሮ ድንች ሲልጡ ሮሙሎ ወደ ኤርሜሊንዳ ጠጋ አለ።

"አበልጄ፣ ልጁን ዛሬ እናናግረው። አባቱ የገባልንን ቃል አያውቅ ይሆናል።"

"የአባቱ አፈር ሳይደርቅ?"

"አንዲት ቃል ብቻ ጣል ላድርግ። ምን ይለኛል?"

"አባቴን የቀበሩት መሬቱን ፈልገው ነው ይልሃላ! አንተ ሰውዬ፣ አፍህን ያዝና ድንችህን ላጥ።"

"ሌላ ሰው እንዳይቀድመን ፈርቼ እኮ ነው።"

"ሐዘን ቤት ገብቶ የሚቀድም? እንዲህ ዓይነት ዓይን አውጣ የት አለ?"

ሮሙሎ ድንቹን መላጥ ቀጠለ። ኤርሜሊንዳ እዚያው ሳለች ሌሎቹንም አስጠነቀቀች፤ ሁሉም እሺ አሏት። ደግ ሰዎች ናቸውና ሲነገራቸው ይሰማሉ።

በአራተኛው ምሽት ሾርባ ስታቀብለው ዊልማን ራሱ ቀና ብሎ፣ "ዶኛ ኤርሜሊንዳ፣ ያ ላይኛው ጫካ..." ሲል ጀመረ።

"ተው ልጄ፣ አሁን የጫካ ጊዜ አይደለም። ብላ" አለችው። ወጉን በመጠበቋ ደስ ብሏት ወደ ቤቷ ሄደች።

ጥቁሩ ጨርቅ በወረደ ማግስት ሰዉ ሁሉ የዶን ኤቫሪስቶን ግቢ ሞላ። ሮሙሎ አንድ ጠርሙስ የሸንኮራ አረቄ ኮቱ ውስጥ ደብቋል፤ ቢደብቀውም ሁሉም ያውቃል። ኤርሜሊንዳ ብቻዋን ገባችና የአባቱን ቃል ከነተጨበጠው እጅ ነገረችው።

ዊልማን፣ "ሸጥኩት እኮ" አለ።

"ምን አልክ?"

"በአምስተኛው ቀን። አንድ የእንጨት ነጋዴ መቃብሩ ድረስ መጣ። ልጄ ሆስፒታል ናት፤ ገንዘብ ያስፈልገኝ ነበር። ውል አዋዋዩ ፊት ፈረምኩለት። እናንተን ገንዘብ ለመጠየቅ አፈርኩ። ስለ ጫካው እርስዎን ልጠይቅ ብል 'ተው፣ ብላ' አሉኝ። የሚፈልገው ሰው ያለ አልመሰለኝም። ዶኛ ኤርሜሊንዳ፣ ለእናንተ ቢሆን ባነሰም እሰጥ ነበር!"

እዚያው ጫካውን መልሶ እንዲሸጥለት ነጋዴው ጋ ደወለ። ኤርሜሊንዳ ሰውዬው ስልኩ ውስጥ ሲስቅ ሰማችው። የጠራው ዋጋ መንደሩ ዕድሜ ልኩን ቢንጎ ቢጫወት የሚሞላ አልነበረም። ዊልማን ስልኩን አስቀምጦ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ልትቆጣው ፈለገች፤ ግን ምን ብላ? "እግዚአብሔር ያጽናህ" አለችውና ወጣች።

ናርሲሳ ሕፃኗን አዝላ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። "እማዬ፣ ፈረመ?"

"ፈርሟል። ለሌላ ሰው።" ኤርሜሊንዳ ወደ ሰዉ ዞረች። "ሮሙሎ እንናገር ብሎ ነበር። ዝም ያሰኘኋችሁ እኔ ነኝ።"

አንድም ሰው አልተቆጣትም። አንዷ ወንበር አመጣች፤ ሴቶቹ ትከሻዋን ይዘው አስቀመጧትና ዙሪያዋን ዝም ብለው ተቀመጡ። ሰው እንደሞተባት ሁሉ ያከብሯት ጀመር። እሱ ነው አንጀቷን የቆረጠው።

"ሮሙሎ፣ ስደበኝ እንጂ! አልነገርኩሽም ወይ በለኝ!"

ሮሙሎ ባርኔጣውን አውልቆ መሬት መሬት ያያል። "አሁን አይሆንም አበልጄ" አላት።

ናርሲሳ ብቻ አልተቀመጠችም። ጫካውን ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ሕፃኗን ከጀርባዋ አውርዳ እናቷ ጭን ላይ አስቀመጠቻት።

"እስክንሄድ ድረስ ማታ ማታ አንቺ ጋ ትተኛ" አለች።