ለሁሉም የሚለው ቁልፍ

ሐርጌሳ ኮድቡር ሰፈር ከሚገኘው ከአያንሌ ማተሚያ ቤት የሚወጣ የሠርግ ካርድ ሁሉ ስድስት ዓመት ሙሉ በሀሲና እጅ ያለፈ ነው። ከከሚሴ መጥታ፣ ሶማሊኛውን ከካርዱ ላይ ለቅማ፣ የማን ልጅ ለማን እንደተዳረች ከአጎቶቹ ቀድማ የምታውቅ ሆናለች። ከዚያ የአያንሌ አማች ከዱባይ አዲስ ስክሪን አመጣ።

ስክሪኑ ያምራል። የሙሽራዋ ሽፋሽፍት አንድ በአንድ ይቆጠርበታል። ካርድ የሚሠሩበት ፕሮግራም ግን ከሀሲና ቅጥር የሚቀድም አሮጌ ነው፤ ሲሠሩት እንዲህ ያለ ስክሪን ይመጣል ብሎ ያሰበ የለም። ቁልፎቹና ጽሑፎቹ ተኮማትረው የጤፍ ፍሬ አከሉ። ሀሲና አንገቷን አስግጋ፣ ዓይኗን አጥብባ መሥራት ጀመረች።

ይህን ሙሰዓብ አየ። ሙሰዓብ የጅጅጋ ልጅ ነው፤ ላሚኔሽን ማሽኑ ላይ ካርድ በላስቲክ እየለበጠ ሦስት ዓመት ተቀምጧል። የተቀመጠው የሀሲናን ወንበር እያየ ነው።

«ሐሜት እንዳይሆንብኝ አላህ ይወቅልኝ» አለው ለአያንሌ፣ ሐሜቱን ከመጀመሩ በፊት። «እህታችን ዓይኗ ደክሟል። ለራሷ ብዬ ነው።»

አያንሌ አዘነ። ሲያዝን ደግሞ ይፈጥናል። በማግስቱ ሀሲና ላሚኔሽኑ ላይ፣ ሙሰዓብ ወንበሩ ላይ ሆኑ።

«ካሮት ብዪ፣ ሀሲናዬ» አላት ሙሰዓብ ወንበሩን ለቁመቱ እያስተካከለ። «ለዓይን ጥሩ ነው ይላሉ።»

«ጀዛከላህ» አለች።

ሰፈሩም ሰማ። ከባጃጅ ስትወርድ ሹፌሩ «ጉድጓድ አለ፣ ወደ ግራ» ይላት ጀመር። ሀሲና እያመሰገነች ወደ ግራ ትሄዳለች፤ በልቧ ግን የምትጽፈውን ትጽፋለች።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ህንዳዊ በስልኳ ላይ በአራት ደቂቃ ቪዲዮ ነገሩን ፈታላት። ጥፋቱ የፕሮግራሙ ነው፤ «ማጉላቱን ለኮምፒውተሩ ተው» የሚል ምልክት ይደረግለታል፣ አለቀ።

ለዙሁር ሶላት ወንዶቹ መስጊድ ሲሄዱ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ማን ምን እንዳበላሸ ይታወቅ ብሎ አያንሌ ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መግቢያ ስምና ፓስዎርድ ሰጥቷቸዋል። በራሷ ስም ገብታ ምልክቱን አደረገች። ፕሮግራሙን ስትከፍተው ፊደሉ እንደ ሊጥ ተነፋ፤ ቆማ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብላ አነበበችው። እዚያው ታች «ለሁሉም ተጠቃሚዎች» የሚል ቁልፍ አለ። አንዴ ቢጫን ሙሰዓብም ያያል። ሀሲና ረጅም ጊዜ ተመለከተችው። ከዚያ ዘግታ ወደ ማሽኗ ተመለሰች።

ሙሰዓብ በራሱ ስም ገብቶ፣ አፍንጫውን ከመስታወቱ አጣብቆ፣ አያን ለምትባል ሙሽራ የሠርግ ካርድ ሠራ። ከጤፎቹ አንዷ «አስቀምጥ»፣ ጎረቤቷ «መስመር ሰርዝ» ነበረች። ሦስት መቶ ካርድ ያለ ሙሽራዋ አያት ስም ታተመ። ሀሲና የመጀመሪያውን ካርድ ስትለብጥ ስሙ መጉደሉን አየች። ሁለት መቶ ዘጠና ዘጠኙንም ለበጠች። ዓይኗ የደከመ ሴት ምን ታያለች?

ሐርጌሳ ላይ አያቱ ያልተጠራ ሰው የማንም አይደለም። የአያን አጎት ካርዱን ጠረጴዛው ላይ ጣለው።

«ልጃችንን ከመንገድ የተገኘች ያደረጋት ማነው?»

አያንሌ ጎረቤታቸውን አዛውንት ጨርቅ ነጋዴ ለዳኝነት ጠራ። ሽማግሌው ሁለቱን ሠራተኞች በየተራ ያንኑ ስክሪን እንዲያነቡ አዘዘ። ሙሰዓብ በስሙ ገብቶ ተጎንብሶ ሲንተባተብ ግንባሩ መስታወቱን ነካ። ሀሲና በስሟ ገባች፣ ተነሣች፣ እጇን አጣምራ ከበሩ ሥር ቆማ እስከ ኮማው ድረስ አነበበች።

«ሴትዮዋ ታያለች፤ ወንበሩ የእሷ ነው» አለ ሽማግሌው። «ይህን ልጅ ሐኪም ይየው።»

በሳምንቱ ሙሰዓብ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መጣ።

«እህቴ፣ ሐኪሙ ዓይንህ ደህና ነው አለኝ። ያደረግሽው ነገር አለ።»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ለባጭ ነበርኩ።»

«ያጨኋት ልጅ አባት ሼክ ኑር ወሬው ደርሶታል። ለዕውር አልድርም ብሏል። ጥፋቱ የስክሪኑ ነው በዪልኝ። አንድ ቃል ነው።»

«የእኔ ዓይን ደክሟል ሲባልስ ጥፋቱ የማን ነበር? ለአያንሌ ንገረዋ።»

ሙሰዓብ ሄደ። ደንበኛ በተሰበሰበበት፣ ወለሉን እያየ፣ «ዓይኗ ደህና ነበር፣ እኔ ወንበሩን ፈልጌ ነው» አለ። አያንሌ መሐረቡን አውጥቶ ላቡን ጠረገ። ሙሰዓብ ተመልሶ ሀሲና ፊት ቆመ።

«ተናገርኩ። አሁንስ ለአባትየው ትነግሪልኛለሽ?»

«ነገ፣ ኢንሻአላህ» አለች፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሣ።

ይህን ካለች ሦስት ጁምዓ አለፈ።