ያልተደረሰ ለቅሶ

«ማን ነው በሩን የከፈተለት?» አሉ የፋና እናት ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ስበው። «ፋና፣ ሂጂና አስወጪው። ያባትሽ አፈር ሳይደርቅ ሊያዋርደን ነው የመጣው።»

ፋና በሩ ላይ የቆሙትን ሽማግሌ ወዲያው ዐወቀቻቸው። ጋሼ እንግዳወርቅ ናቸው። በስደት የሚኖሩባት ጠባብ የብሪክስተን ፍላት በለቀስተኛ ታጭቃለች፤ ግማሹ የአባቷ የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን ሰው፣ ግማሹ ደግሞ ሞርሞን ቤት ቡና በሃይማኖት ስለተከለከለ እንደማይፈላ ረስቶ የመጣ ሐበሻ። «ቡና የሌለበት ለቅሶ ደግሞ ምን ይሉታል!» እያለ ሙቅ ውኃ በሎሚ ይጠጣል። ሽማግሌው ሲገቡ ግን ወሬው ቀጥ አለ። ከድሮዎቹ ነገሩን የማያውቅ የለም።

ያኔ ፋና ልጅ ነበረች። አባቷ አቶ ዘርይሁን የአጥቢያው መሪ፣ ሞርሞኖች ቢሾፕ የሚሉት፣ ነበሩ። አዲስ አበባ ላይ ወንድማቸውን የኢሕአፓ ጥይት ስለበላባቸው ኮሚኒስት የሚባል ስም ደማቸውን ያፈላው ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ መድረክ ላይ ፖለቲካ አይነሣ ቢልም ማን ሰምቶ! ስብከታቸው በሞስኮ ተጀምሮ በደርግ ያልቃል። አንድ እሑድ ወጣቱን እንግዳወርቅን በጣታቸው እየጠቆሙ፣ «ተኩላው እዚሁ አብሮን ተቀምጧል። የእሱን ደጅ የረገጠ ከእኔ ጋር የለም» አሉ። እንግዳወርቅ እንደ ብዙ እኩዮቹ ኢሕአፓ ነበር፤ ተኩሶ ግን አያውቅም። የተሰደደውም ያንኑ ደርግ ሸሽቶ ነው።

ዓመት ሳይሞላ ሚስቱ ሮማንወርቅ በወሊድ ሞተች። አንድም ሰው ለቅሶ አልደረሰም። ፋና ከእናቷ ጋር በአውቶቡስ በደጁ ስታልፍ፣ ለለቀስተኛ የደረደራቸው ወንበሮች በመስኮቱ ባዷቸውን ይታዩ ነበር። «ወደዚያ አትዪ» አሏት እናቷ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች አንዱ ሽማግሌውን ሊያስወጣ ብድግ አለ።

«ለጠብ አልመጣሁም፣ ልጄ» አሏት ጋሼ እንግዳወርቅ። «ሰው ሳይመጣልህ ሲቀር ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ። ለጠላቴም አልመኘው።»

ሁሉም ፋናን አየ። ብታስወጣቸው የአባቷ ስም እንደተከበረ ይቀራል። ብታስቀምጣቸው አባቷን በገዛ ለቅሷቸው ላይ መክሰሷ ነው፤ እናቷም ይቅር አይሏት ይሆናል።

«ይቀመጡ፣ ጋሼ።»

«ፋና! አባትሽን በመቃብሩ ላይ ታዋርጂዋለሽ?»

«ሶሪ፣ እማዬ። አባባ ተሳስቶ ነበር። አንቺም ታውቂያለሽ።»

አባቷን ትወዳቸው ነበር።

ከሐዘንተኛ ፍራሿ ተነሥታ ሽማግሌውን በቦታዋ፣ እናቷ አጠገብ አስቀመጠቻቸው። ከዚያ እንደ ማንኛውም ለቀስተኛ ፊታቸው ጎንበስ አለች።

«እግዚአብሔር ያጥናዎት» አለቻቸው። «ስለ ሮማንወርቅ።»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው ፊታቸውን ሸፈኑበት። ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በመጨረሻ የነጠላቸውን ጫፍ ሰብስበው ለሰውየው ቦታ አሰፉላቸው።