ከውጭ የተቆለፈው ክፍል

ልብስ ሰፊዋ የጓሮውን ክፍል በጓጉንቸር ቀርቅራ ቁልፉን ደረቷ ውስጥ ወሸቀችው። የግቢው በር እንደገና ተንኳኳ።

"መጣሁ፣ መጣሁ!" አለች።

ከቆለፈችው ክፍል ውስጥ ሰው አለ። ተከራይዋ ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ሌሊቱን ሲጋግር አድሮ ቀን ይተኛል። ልትቀሰቅሰው አስባ ነበር፤ እሱን ከእንቅልፍ ማንቃት ደግሞ ራሱን የቻለ የጉልበት ሥራ ነው። "ተኝቶ ይለፍለት፤ ጓጉንቸሩን ያየ ሰው እቃ ቤት ነው ብሎ ይሄዳል" ብላ ቆለፈችበት። ክፉ አስባ እንዳይመስላችሁ። ዓይኗ የመርፌ ቀዳዳ አላሳይ ካላት ወዲህ ጎጆዋ የቆመው በዚያ ክፍል ኪራይ ነው። ደንቡ ደግሞ መስኮት የሌለው ክፍል ለሰው አይከራይም፣ ተከራይቶ የተገኘ ይታሸጋል ይላል። የቀበሌው ተቆጣጣሪ ትናንት የጎረቤቷን ክፍል ሲያሽግ በዓይኗ አይታለች፤ አሁን በሯን የሚያንኳኳውም እሱ ነው።

ተቆጣጣሪው ዝናብ አብስብሶት ገባ። ዓይኑ ቀጥታ ጓሮ ሄደ።

"እናቴ፣ ያ ክፍል ሰው አለበት?"

"የምን ሰው፣ ልጄ! ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የሰበሰበው ኮተት ነው ያለው። አይጥ ተከራይቶት ካልሆነ።"

"ኪራዩን በጊዜ ይከፍላል?"

"እሱማ ቢከፍል ምን ነበረ!"

ሰውየው ከልቡ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ከዚያ ይሄዳል ስትል፣ ጭራሽ በረንዳው ላይ በርጩማ ስቦ ከጓሮው ፊት ለፊት ተቀመጠ።

"እስኪያባራ ልጠለል። ዛሬማ እግሬ አለቀ።"

"ተጠለል እንጂ፣ ቤትህ ነው" አለች፤ ሆዷ ግን "ሂድልኝ፣ በናትህ ሂድልኝ" ይላል።

ይኼኔ ነው የከሰል ሽታ አፍንጫዋ የገባው። ዳቦ ጋጋሪው ውሃ የሚያፈላበት የከሰል ምድጃ ሁልጊዜ ከበሩ ውጭ ነው የሚቀመጠው። አየች፤ የለም። ዝናቡ ሲጀምር አስገብቶታል ማለት ነው። እሳቱ ሳይጠፋ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ እንቅልፍ ጥሎታል። ያንን ገርበብ ያለ በር ገጥማ የቆለፈችው ደግሞ እሷ ናት።

ዝግ ቤት ውስጥ የከሰል ጭስ ሰው ይገድላል።

"ምነው እናቴ፣ ፊትዎ ተለዋወጠ?"

"ብርዱ ነው።"

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ከክፍሉ አንድ ሳል የሰማች መሰላት። ሁለተኛውን ጠበቀች። አልመጣም። አሁን ሰውየው ተነስቶ ቢሄድ ሮጣ ትከፍታለች፣ ማንም ሳያውቅ ያልፋል። እሱ ግን ጫማውን አውልቆ ካልሲውን መጭመቅ ጀመረ።

"የርስዎ ሰፈር ዝናብ ደግሞ አያባራም!" አለ እየቀለደ።

የዳቦ ጋጋሪው እናት ልጇን ልታስገባ የመጣች ቀን "አደራሽን፣ እንደ ልጅሽ" ያለቻት ታወሳት። እሷም "ምን በወጣው፣ ልጄ ነው" ብላ ነበር የመለሰችላት።

እጇን ወደ ደረቷ ሰደደች። ቁልፉን አውጥታ ለተቆጣጣሪው ዘረጋችለት።

"ልጄ፣ እጄ እምቢ አለኝ፤ ሮጠህ ክፈትልኝ። ሰው አለ ውስጥ።"