ለቤት የተቀመጠው በርበሬ

እምነት ከበርበሬ በረንዳ ነጋዴዎች ጋር የተጣላችው በውሃ ነው። እነሱ ደረቁ በርበሬ እንዳይሰባበርና አቧራው እንዳያስነጥሳቸው ውሃ ይረጩበታል። እሷ ደግሞ የምግብ ላቦራቶሪ ሠራተኛ ናትና እርጥበቱ ምን እንደሚያበቅል ታውቃለች።

መጀመሪያ የመጣች ቀን ወረቀቷን ዘርግታ የሻጋታውን መርዝ በሳይንስ ስሙ «አፍላቶክሲን» ብትል የመድኃኒት ስም መስሏቸው ዋጋውን ጠየቋት። በሁለተኛው እልህ ይዟት «ካንሰር ነው የምትሸጡት!» አለች። ይሄማ በደንብ ተሰማ፤ ገበያተኛው ሁለት ሳምንት ሙሉ ከበረንዳው ራቀ። የሞተ ሰው ሲታጣ ግን ሁሉም ሳቀባትና ወደ መርጨቱ ተመለሰ። እምነት አፈረች፤ ነገሩን ግን አልተወችም።

ዛሬ የመጣችው እትዬ ማሚቱ ዘንድ ብቻ ነው። ሠላሳ ዓመት የነገዱ ሴት ናቸው፤ እሳቸው የተዉትን በረንዳው ሁሉ ይተወዋል። ስትደርስ ጀሪካን ይዘው እየረጩ ነበር።

«መጣሽ ደግሞ? ገበያዬን ልትዘጊ!»

«አይ እትዬ። ያን ቀን አበዛሁት፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

እትዬ ማሚቱ ጀሪካኑን አስቀመጡ። ወረቀት ይዞ የመጣ ሰው ይቅርታ ሲል ሰምተው አያውቁም።

«እሺ፣ ቁርጡን ንገሪኝ። ይገድላል ወይስ አይገድልም?»

«ዛሬ የበላ ዛሬ አይወድቅም። ብዙው ሰው ምንም ላይሆን ይችላል። ግን እርጥቡ ይሻግታል፣ ሻጋታው መርዝ ይተዋል፤ መርዙ ቢፈጭም ቢበስልም አይጠፋም። ለዓመታት ትንሽ ትንሽ ሲበላ ጉበት ይጎዳል። ማንን እንደሚጥል አላውቅም። አንዳንዱን ግን ይጥላል።»

«አላውቅም? ታዲያ ምኑን ተማርሽው!»

እምነት ደሟ ፈላ። ቢሆንም ተመልሳ ልትሄድ አልመጣችም። ዓይኗን ስታንከራትት ከመደብሩ ጥግ አፉ የታሰረ ትንሽ ጆንያ አየች።

«ያኛውስ አይሸጥም?»

«እሱ የቤቴ ነው።»

«ተረጭቷል?»

«አብደሻል? ለልጆቼ የማስፈጨውን! የተረጨ መች ይከርማል፣ ወዲያው ነው የሚሻግት…»

እትዬ ማሚቱ ሳይጨርሱት ወደ ጀሪካኑ ዞር አሉ። እምነት የምትጨምረው ብዙ ነበራት፤ ምላሷን ነክሳ ዋጠችው።

ያኔ አንዲት ደንበኛ ብቅ አለች። «እትዬ፣ ሦስት ኪሎ» ብላ ወደ ረጠበው ክምር ጠቆመች። እትዬ ማሚቱ ክምሩን አዩት፣ ሴትዮዋንም አዩዋት። ከዚያ ጥግ ድረስ ሄደው ትንሹን ጆንያ እየጎተቱ አመጡና እስሩን ፈቱ።

«ከዚህ ልመዝንልሽ» አሉ።