ከምድጃው ፊት

ዳቦው ከምድጃው ሲወጣ ከስሏል። ሁሉም "ጋሼ" የሚሏቸው ሽማግሌው ጋጋሪ ትሪዎቹን አንድ በአንድ ወለሉ ላይ አስቀመጡና ላባቸውን በክንዳቸው ጠረጉ። ሠራተኞቹ ተያዩ። ትናንት በዚሁ ጉዳይ ጋሼና አሠሪያቸው ደንበኛ ፊት ተጯጩኸው ነበር፤ ዛሬም ሁሉም ጆሮውን አቁሞ ጠበቀ።

አሠሪያቸው ግን አልጮኸችም። ዳቦ ቤቱን ከአባቷ ስትረከብ ሊጥ ማቡካት እንኳ አታውቅም ነበር፤ ያስተማሯት ጋሼ ናቸው። ወደ ዱቄት መጋዘኑ አስገባቻቸውና በሩን ዘጋችው።

"ትናንት እንደዚያ መናገር አልነበረብኝም" አለች ጆንያ ላይ እየተቀመጠች።

"እኔም አፌን አልሰበሰብኩም። በይ አንቺ ጀምሪ፤ እስክትጨርሺ አላቋርጥሽም።"

ጀመረች። በዚህ ሳምንት ዳቦ ሲያር ይሄ ሦስተኛው ነው። ትልቁ ደንበኛቸው፣ ሆቴሉ፣ ሌላ ዳቦ ቤት እያፈላለገ ነው። እሷም እንቅልፍ አጥታለች። ጋሼ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ፤ እንዳሉትም አንዴ እንኳ አላቋረጧትም።

"ሆቴሉ ቢሄድ ሁላችንም ነን የምንጎዳው፣ ነው የምትይኝ። እውነትሽን ነው። ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጊዜያት የሙቀት መቆጣጠሪያው ተበላሽቶ ነበር። አስጠግኚው ብልሽ ነገ ከነገ ወዲያ አልሽኝ።"

"ልክ ነዎት። እሱ የኔ ጥፋት ነው።"

ይህን ማለት ያን ያህል አለመክበዱ ገረማት። ነገሩ ሁሉ እንዲህ በቀላሉ የሚያልቅ መሰላት።

"የዛሬውስ ጋሼ? ዛሬ እኮ ተጠግኗል።"

ጋሼ ከጆንያው ዱቄት ዘግነው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉና መልሰው ደፉት።

"አጠገቡ ቆሜ ነበር" አሉ። "ሲያር አልሸተተኝም። ባለፈው ሰሞን ታምሜ ከተኛሁ ወዲህ ምንም አይሸተኝም።"

"ለምን አልነገሩኝም?"

"ብነግርሽ ምን ታደርጊ ነበር?"

ልታባብላቸው አሰበች። እስካሁን ሳይደባበቁ ሲነጋገሩ ቆይተው አሁን መዋሸት ግን ነውር መሰላት።

"ከምድጃው አነሳዎት ነበር።"

"እኔስ ለዚህ አይደል የደበቅሁሽ።"

ከትናንቱ ስድብ ይልቅ ይሄ ቀስ ያለ ድምፅ አንጀቷ ድረስ ዘለቀ።

"ሽያጭ ላይ ይቀመጡ" አለች።

"ደንበኛው ሁሉ ከንፈር እየመጠጠልኝ? ተይው። እጄ ደህና ነው፤ ሊጥ ላይ አድርጊኝ።"

"ሊጥ ላይ ያሉት እኮ አዲስ የገቡት ልጆች ናቸው።"

"አውቃለሁ።"

ተስማሙ። የልመናም የቁጣም ቃል ሳይወጣቸው፣ ከምድጃው ተነሱላት። ምራቋ መረራት።

ሲወጡ ሠራተኞቹ እጃቸውን ከሥራው አንስተው ጠበቋቸው።

"ምድጃው ነው" አለች ፈጠን ብላ። "መልሰን እናስጠግነዋለን።"

ጋሼ ረጅሙን የዳቦ አካፋ ለረዳታቸው አቀበሉት።

"ምድጃው ደህና ነው" አሉ። "አፍንጫዬ ነው።"

ከዚያ እጅጌያቸውን ጠቅልለው ከአዲሶቹ ልጆች መሃል ገቡና ሊጡን ወደ ራሳቸው ሳቡ።