ከእትዬ ትበርህ የተዋስነው ሶፋ

እኔ ቱግ ባይ ነኝ፤ አባባ ደግሞ እንግዳ መጣ ከተባለ ሌላውን ሁሉ ይረሳሉ። በ1974 ዓ.ም. መስከረም ላይ ዶርም ሊያሳጡኝ የነበሩት በዚሁ ጠባያቸው ነው።

ያኔ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ነበርኩ። ቤተሰቡ አዲስ አበባ ላለ ተማሪ መኝታ አይሰጥም፤ የኛ ገርጂ ደግሞ በወረቀት አዲስ አበባ ነው። በእግር ሲኬድ ግን ሌላ አገር! ከአንድ ሰዓት በላይ ጭቃ ስረግጥ ቆይቼ መገናኛ፣ ከዚያ አውቶቡስ ተጋፍቼ ስደርስ የሁለት ሰዓቱ ላብራቶሪ ተዘግቷል። የኬሚስትሪው መምህር ላረፈደ አይከፍትም። በዚህ የተነሣ አምና ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶኛል፤ ዘንድሮ ከደገምኩት መባረሬ ነው። አቤት ብል የመኝታ ኮሚቴው «ቅዳሜ ሰው ልከን ቤትሽን እናያለን፣ ሰኞ እንወስናለን» አለኝ። ተመስገን አልኩ።

ሰውየው ለምን እንደሚመጣ ለቤተሰቤ ደህና አድርጌ አስረድቻለሁ። አባባ ግን የሰሙት «የዩኒቨርሲቲ ሰው ይመጣል» የሚለውን ብቻ ነው።

ዓርብ ማታ ስገባ ቤታችን ጠፋኝ። ግድግዳው ኖራ ተቀብቷል። ከጎረቤታችን ከእትዬ ትበርህ ቤት ያ ቀይ ሶፋ መጥቶ መሐል ተጎልቷል። ረቡዕና ቅዳሜ ለገበያ የምትመጣው ሎንቺና ከምትቆምበት እስከ በራችን ድረስ ደግሞ መንደርተኛው ድንጋይ ደርድሮ ጭቃውን ደብቆታል።

«አባባ፣ ምን ጉድ ሠሩኝ? ሰውየው እኮ ችግራችንን ሊያይ ነው የሚመጣው!»

«ታዲያ የልጄን አስተማሪ በዱካ ላይ ላስቀምጠው?»

«አስተማሪ አይደለም!»

ማን ይስማኝ!

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ጓድ ገረመው የተባሉት የኮሚቴው ሰው፣ መስታወት የመሰለ ጥቁር ጫማ አድርገው ከሎንቺናዋ ወረዱ። በድንጋዩ ላይ ተራምደው ገቡ፤ ሶፋው ላይ ተደላደሉ።

«የሻሽወርቅ፣ እኔ ራሴ እንዲህ ያለ ሶፋ የለኝም» አሉኝ። «መኪናው በራችሁ ላይ ያወርዳል። ዶርም እኮ ስምንት ሆናችሁ ነው የምታድሩት።» ማስታወሻቸውን አውጥተው ጻፉ።

ሶፋው የሰው ነው ልል አፌን ከፈትኩ። ግን አባባ የክት ኮታቸውን ለብሰው፣ ከእንግዳው ጎን ሲፈግጉ አየሁና መልሼ ዘጋሁት። ከመባረሬ ይልቅ እሳቸውን ማዋረድ ባሰብኝ።

ዶሮው ቀረበ። እናቴ እማማ አፀደ እንግዳ ይለቃሉ እንዴ!

«በሞቴ፣ ይቺን ብቻ!»

«ኧረ ጠገብኩ፣ ሎንቺናዋ…»

«አፈር ስሆን!»

እኔ በንዴት ጨስኩ። ዶርሙን ከሚከለክለኝ ሰውዬ ጋር ይሄ ሁሉ ልመና ምንድነው? ሰዓቴን አየሁ፤ ለዘጠኝ አሥር ጉዳይ። ሎንቺናዋ ልክ ዘጠኝ ላይ ትመለሳለች፤ ሌላ መኪና የለም። ያኔ ነው የበራልኝ! እጄን ታጥቤ ከሁሉ የሚተልቀውን ጉርሻ ጠቀለልኩ።

«ጓድ፣ የእኔንማ እምቢ አይሉኝም።»

ሁለተኛም ሰጠኋቸው፣ ሦስተኛም። አፋቸው እንደሞላ ሎንቺናዋ ጥሩንባዋን ነፍታ ሄደች።

«የሚቀጥለው መቼ ነው?» አሉ ደንግጠው።

«ረቡዕ።»

መገናኛ ላድርስዎት ብዬ ተከትያቸው ወጣሁ። ድንጋዩ አለቀ። እኔ ጫማዬን አውልቄ በእጄ ያዝኩ፤ እሳቸው አፈሩ መሰለኝ፣ አላወለቁም። ባሕር ዛፉ ጋ ስንደርስ ጭቃው ግራ ጫማቸውን ዋጠው። በአንድ እግር ቆመው ትከሻዬን ይዘው፣ እኔ እጄን እስከ ክርኔ ከትቼ አወጣሁላቸው።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው?»

«ኧረ ጓድ፣ ዛሬማ ደርቋል!»

ትክ ብለው አዩኝ። ከአንድ ሰዓት በላይ ጭቃ ረግጠው መገናኛ ደረሱ።

ሰኞ ሰሌዳው ላይ ስሜ ከነመኝታ ክፍል ቁጥሩ ተለጥፎ አገኘሁት። እዚያው በሰው ፊት አለቀስኩ።

ቤት ገብቼ ስነግራቸው አባባ እጃቸውን አጨበጨቡ። «አላልኩሽም? ሰው ሲከበር እንዲህ ነው! ዶርሙን ያሰጠሽ ሶፋው ነው!»

ቱግ ልል ነበር። ፊታቸውን አየሁት።

«አዎ አባባ፣ ሶፋው ነው» አልኩና ጉንጫቸውን ሳምኩ። ከዚያ እሳቸው በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላው ይዘን ለእትዬ ትበርህ መለስንላቸው።