ለሰበቃ የቆመው ድንጋይ

ለመላው ሠራተኛ ይህ እንዲታወቅ ይሁን፦ ዛሬ ረፋድ ላይ የፍሬን ሸራ ፋብሪካችን ዋና ሥራ አስኪያጅ የኮታቸው ጅራት ድንጋይ ስር ገብቷል። ሥራ አስኪያጁ ደህና ናቸው። ድንጋዩም ደህና ነው። የኮቱ ሁኔታ በመጣራት ላይ ይገኛል።

ማስታወቂያው በድምፅ ማጉያ ተነበበ፤ እኛም ሥራችንን ጥለን ወደ መግቢያው አዳራሽ ጎረፍን።

ድንጋዩ ሐውልት ነው። ለሰበቃ የቆመ ሐውልት። መኪና የሚቆመው በሰበቃ፣ እኛም የምንበላው ከሰበቃ ነውና፣ ሥራ አስኪያጁ ውለታውን የሚመልስ ነገር ይቁምልኝ ብለው አዘዙ። ከታች ሰፊ፣ ወደ ላይ እየጠበበ የሚሄድ፣ አናቱ የተቆረጠ ጥቁር ድንጋይ። «እንደ መስታወት ይወልወል» አሉ። ተወለወለ። ዝንብ አርፋበት ስትንሸራተት በዓይናችን አይተናል።

ድንጋዩን በገመድ ጠፍሮ፣ በፓራንኮ፣ በጭነት ማንሻው ሰንሰለት አንጠልጥሎ ያወረደው ባልደረባችን አይዞሽ ነው። ጭነት ባነሳ ቁጥር «አይዞሽ እናቴ» ስለሚል ስሙ ይኸው ሆኖ ቀርቷል። ድንጋዩ ሽብልቅ ላይ እንዳረፈ ሥራ አስኪያጁ ፎቶ ሊነሱ ጀርባቸውን ሰጥተው ተጠጉ። ገመዱ ከድንጋዩ ስር ተስቦ ወጣ፤ ሽብልቁ ተነቀለ፤ ድንጋዩ ዱብ አለ። ፎቶው ተነሳ። ከዚያ ሥራ አስኪያጁ ሊሄዱ ሲሉ ኮታቸው አልሄድም አለ።

በሳቅ በታለፈ ነበር። ግን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሴት ልጃቸው ማዘጋጃ ቤት የጋብቻ ፊርማ አለባት፤ «አባዬ አጠገቤ ካልቆመ እስክሪብቶ አልነካም» ብላለች። ያመለጠ ተራ ደግሞ ስንት ወር እንደሚያስጠብቅ ማዘጋጃ ቤት የሄደ ያውቀዋል።

«ጋሼ፣ ኮቱን ያውልቁትና ይሂዱ» አለች የፋብሪካችን መሐንዲስ።

«አላወልቅም።»

«እሺ፣ ጅራቱን በመቀስ እንቁረጠው።»

«መቀስ ይዞ የተጠጋ ከነመቀሱ ይባረራል።»

«በዲጅኖ እንፈንቅለው?»

«ወለሉ አዲስ ነው።»

መቆንጠጫ መጣ፤ ሰንሰለቱ ሲሳብ ግራና ቀኙን የሚጨብጥ፣ ሁለት ክንድ ያለው ብረት። አይዞሽ «አይዞሽ እናቴ» ብሎ ሳበ። መቆንጠጫው ድንጋዩን ጨበጠ፤ በጎኑ ሽቅብ ተንሸራተተ፤ አናቱ ላይ ሲደርስ አየር ጨብጦ «ቋ!» አለ።

«ጠበቅ አድርገው እንጂ!» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

ጠበቅ አደረገው። እንዲያውም ፈጥኖ አመለጠ።

«ጋሼ፣ ነገሩ በማጥበቅ አይሆንም» አለች መሐንዲሷ። «ጎኑ ያጋደለ ነው። በጨበጥነው ቁጥር መቆንጠጫውን ሽቅብ ይገፋዋል፤ ድንጋዩን ቁልቁል። ይዞ የሚያስቀረው ሰበቃ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ እርስዎ አስወለወሉት።»

«ለሰበቃ በቆመ ሐውልት ላይ ሰበቃ የለም ነው የምትይኝ?»

«ቅንጣት የለም።»

«ስብሰባ ይጠራ!»

ስብሰባው እዚያው በኮቱ ዙሪያ ተደረገ። የግዢ ኃላፊው ድንጋዩ ማር ይቀባ አለ። የጥበቃ ኃላፊው «እጅ ምን ይሠራል?» ብሎ ጠባቂዎቹን አሰማራ፤ ጨበጡት፤ ሁሉም በአፍጢማቸው ተደፉ። ሒሳብ ሹሙ ሥራ አስኪያጁ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ እዚሁ ጠረጴዛ ይቅረብላቸው የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ ተቀባይነት አገኘ፤ ጠረጴዛውም ከነስልኩ መጣ። ሥራ አስኪያጁ ሰዓታቸውን አዩ።

ስምንት ሰዓት ካለፈ በኋላ ሙሽራዋ ራሷ ነጭ ቀሚሷን ሰብስባ ገባች።

«አባዬ! ምን ሆነህ ነው?»

«ትንሽ ሥራ ይዞኝ ነው፣ ልጄ።»

ኮቱን አየች። ድንጋዩን አየች። መሐንዲሷ ስላጋደለው ጎንና ስለጠፋው ሰበቃ አስረዳቻት።

«ስለዚህ የሚያስፈልጋችሁ የማያንሸራትት ነገር ነው?»

«አዎ፤ ግን ከየት ይምጣ?»

ሙሽራዋ አዳራሹን የሞላነውን ሰዎች ከዳር እስከ ዳር ቃኘችን። «ቆይ፣ እዚህ ቤት የሚመረተው ምንድነው? ብስኩት ነው?»

ሁላችንም ወደ ግድግዳው ዞርን። ከግድግዳው ወዲያ ጣሪያ የነካ የፍሬን ሸራ ክምር አለ፤ ጠዋት ጠዋት በትከሻችን እየታከክነው ነው የምንገባው።

«እሱ እኮ ለመኪና ነው» አለ አይዞሽ፣ ቅር ብሎት።

በመቆንጠጫው ሁለት ክንዶች ጫፍ ላይ ሸራ ተደረገ፤ በጥድፊያ በሽቦ ነው የታሰረው። የድንጋዩ ጎንም በብርጭቆ ወረቀት ተፈገፈገ። ሥራ አስኪያጁ ይህን ሲፈቅዱ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። አይዞሽ ሳበ። መቆንጠጫው ነከሰ። ሽቅብ ሊያመልጥ ትንሽ አሰበ፤ ተወው። ድንጋዩ ከወለሉ ጣት ያህል ተነሳ።

«አይዞሽ እናቴ!» አልን ሁላችንም።

የኮቱ ጅራት እንደ ወረቀት ሳስቶ ወጣ። ሥራ አስኪያጁ አቧራውን አራገፉለት፤ ዳበስ አደረጉት። ከዚያ ኮቱን አወለቁና አጥፈው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። በሸሚዝ ብቻ፣ ልጃቸውን በክንዷ ይዘው ወደ በሩ አመሩ።

መሐንዲሷ አፏን ከፍታ ቀረች። «ጋሼ! ይሄን ጠዋት ቢያወልቁት ምን ነበረበት?»

«አልናገርም።»

«እውነት ግን አባዬ፣ ለምን?» አለች ሙሽራዋም።

«አልናገርም አልኩ እኮ! ነይ ውጪ፣ ይረፍድብሻል።»